ባሕር ዛፍ በግራም

እሪ በከንቱ ውስጥ ያልዘመመ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አጥሩ ዘሟል፤ የመብራት እንጨቱ ዘሟል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ነዋሪውም እንደየአቅሙ ይዘማል። ስለዚህ ከወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ መዝመም ሲጀምር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የአዲሱ መንገድ ቦይ ሲቆፈር ሥሩ በአንድ ጎን ተበጥሶ ኖሯል። በመጋቢት ትንሽ ጎንበስ አለ። በሚያዝያ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሠራ ለማየት በአጥር ላይ እንደሚንጠራራ ሰው፣ አንገቱን ወደ ጣራው አሰገገ። ግንቦት ገብቶ የመጀመሪያው ንፋስ ሲነሣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይጠርግ ጀመር። ያኔ ዕድሩ ተሰበሰበ።

ይቆረጥ በሚለው ላይ ሁሉም ተስማማ። ዕድሩ በአንድ ነገር ያለ ጭቅጭቅ ሲስማማ ድንኳኑ ከተገዛ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ችግሩ ዛፉ መውደቂያ የለውም። በአንድ በኩል የወይዘሮ አልጋነሽ ጭቃ ቤት አለ፤ በሌላው በኩል የጋራ መጸዳጃ ቤቱ፤ ከኋላ የግንብ አጥር። የቀረው መላ ክሬን ተከራይቶ አዲሱ መንገድ ላይ ማቆም፣ ግንዱን ከላይ አስሮ ከሥር መቁረጥ፣ ከዚያ በወይዘሮ አልጋነሽ ጣራ ላይ አሻግሮ መንገድ ላይ ማስተኛት ብቻ ነበር።

የክሬኑ ሾፌር ዑዘይር ቦታውን ሊያይ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ስንጥሩን ከጥርሱ ሳያወጣ ከመንገዱ እስከ ዛፉ በእርምጃ ለካ።

«እስከዚያ ድረስ ክንዴን ከዘረጋሁ ከአራት ቶን በላይ አላነሣም» አለ። ስለ ክሬኑ ሲናገር እንደ ገዛ አካሉ ነው። «ግንዱ ከአራት በታች ከሆነ ባንድ አንሥቼ እወጣለሁ። ከበለጠ ላይ ወጥቶ ለሁለት መክፈል አለ፤ እሱ አስቸጋሪ ነው፤ ቀኑንም ይበላል።»

«እና ስንት ይመዝናል?» አሉ የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ እሸቴ።

«እሱን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ። በጽሑፍ፣ በማኅተም። ያለዚያ ቁልፍ አላዞርም።»

ወይዘሮ አልጋነሽ በራቸው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሃምሳውን ኖረዋል።

«ከተባለው በላይ ከከበደስ?» ብለው ጠየቁ።

«ማሽኑ ይጮሃል እማማ። ግን የሚጮኸው ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ያኔ መልሰን አናጣብቀውም። ክሬኑ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ዛፉ ደግሞ እርስዎ ላይ።»

«እኔ ላይ የሚተኛ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፤ የሳቁት ሌሎች እንጂ እሳቸው አልነበሩም። በዚያ ሰፈር አንዴ የወደቀ ጭቃ ቤት ተመልሶ አይቆምም ይባላል። ፈቃድ የለም ተብሎ ይጠረግና ባለቤቱ የት እንደደረሰ ጎረቤት ብቻ ያወራል። ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ያውቁታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ ዛፉን በአፍ ሊመዝን ተቀመጠ። ሥጋ ሻጩ ዓይኑን ጨፍኖ ከቆየ በኋላ «ስድስት ሰንጋ። ቆዳው ሳይገፈፍ» አለ። ጡረታ የወጣ የኤንትሬ ከባድ መኪና ሾፌር ተነሥቶ፣ እንዲህ ያለውን ግንድ ሁለት ጭኖ ዓባይን እንደወረደና ባሌስትራው እንዳልተነካ መሰከረ።

«አንተ የጫንከው ስኳር ነበር» አለው አንዱ።

«ስኳርስ አይከብድም?»

የአቶ እሸቴ የእኅት ልጅ ሁለተኛ ዲግሪ ስላለው እንዲናገር ዕድል ተሰጠው። «ይወሰናል» አለ።

«በምን?»

«በብዙ ነገር።»

ተመስግኖ ተቀመጠ።

በዚህ መሀል ነው ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው የተነሡት። «እናንተ በገዛ ቤቴ ላይ ሎተሪ ትቆርጣላችሁ?» አሉ። «በዚህ አገር ሚዛን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ያውና እዚያ ጥግ ተቀምጧል። ገብረዮሐንስ ይመዝነው። ገብረዮሐንስ ይበቃል ካለ ቤቴን ለቅቄላችሁ እወጣለሁ። ካላለ ከነዛፋችሁ!»

ሁሉም ዞሮ ገብረዮሐንስን አየው።

ገብረዮሐንስ ወርቅ ሠሪ ነው። አባቱ ከአክሱም መጥተው ፒያሳ ላይ የከፈቷትን ሱቅ ወርሷል፤ ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። የፒያሳ ግማሽ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ የእሱ ሱቅ ያለችበት ፎቅ እንደ አጋጣሚ ተረፈች፤ ከሱቋ ጋር ስሙም ተረፈ። ስሙ ደግሞ ከሱቋ ይበልጣል። ሌላ ቤት ቀለበት የገዛ ሰው ከተጠራጠረ «ገብረዮሐንስ ጋ ሂድ» ይባላል። የሚፋቱ ባልና ሚስት የአንገት ወርቅ ለሁለት ሲካፈሉ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እሱ ጋ ያስመዝናሉ፤ ከዚያ ነው ጠቡ የሚቀጥለው። አንድን ጌጥ መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያደርግና «አራት ግራም ከስልሳ» ይላል፤ ከዚያ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሚዛኑም አራት ከስልሳ ይላል። ሚዛኑ እሱን ፈርቶ ነው የሚሉም አሉ።

«እኔ የምመዝነው ወርቅ ነው» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሊልም አስቦ ነበር። ነገር ግን ሰባ ሰው አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው ልቡ ሞቀ።

«ክብደት ክብደት ነው» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አቶ እሸቴ አጨበጨቡ፤ ጸሐፊው ጻፈ።

ሰኞ ጠዋት ገብረዮሐንስ ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሶ ወደ ዛፉ ወረደ። ተክላይ የሚባለው ዛፍ ቆራጭ መጋዙን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ይጠብቀዋል። ተክላይ ከእንጦጦ እስከ ጉለሌ ሃያ ዓመት ዛፍ ሲጥል የኖረ፣ ከእጁ ጣት አንዱን ለሥራው የገበረ ሰው ነው።

«እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» አለው ገብረዮሐንስ፤ ለወጉ ያህል።

ተክላይ ግንዱን በጥፊ መታ መታ አደረገው። «ይከብዳል።»

«ምን ያህል?»

«በጣም።»

ገብረዮሐንስ ፈገግ አለ። «በጣም» ቁጥር አይደለም። ሚዛን ላይ ወጥቶ «በጣም» የሚል ወርቅ አላየም።

ተክላይን ገመድ አስይዞ ላይ ድረስ አወጣው። ርዝመቱን ለኩ፤ ውፍረቱንም ከሥር፣ ከወገቡና ከጫፉ በልብስ ሰፊው ሜትር ያዙ። ተክላይ ከላይ ቁጥር እየጮኸ፣ ገብረዮሐንስ ከታች ማስታወሻው ላይ እየጻፈ፣ ሰፈሩ ዙሪያውን ከብቦ ያያል።

«ሱፍ ነው የምታሰፉለት?» አለ ከመሀል አንዱ።

«ሱሪው ይጥበብ በሉት፣ ዘንድሮ ጠባብ ነው!»

ገብረዮሐንስ አልሰማም። በመጨረሻ ተክላይ በመጥረቢያው ጫፍ ከግንዱ አውራ ጣት የምታህል ፍላጭ አንሥቶ ሰጠው። በሶፍት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታትና ወደ ሱቁ ወጣ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ደግሞም ስሕተት የለበትም። የዛፉን ይዘት ሜትሩ ይነግረዋል። ያቺን ፍላጭ ከመዘነና ምን ያህል ውኃ እንደምትገፋ ካወቀ፣ የቀረው ማባዛት ነው። ካራቱ ያጠራጠረ ወርቅ ሲመጣም እንዲሁ በውኃ ይመረምረዋል።

ፍላጯን ሚዛኑ ላይ ሊያስቀምጣት እጁን ዘርግቶ መለሰው። ሶፍቱ ረጥቧል።

የአባቱ ሱቅ አንድ ሕግ ነበራት፦ የረጠበ አይመዘንም። ሴቶች ቀለበት በሳሙና አውልቀው ይመጣሉ፤ ሐብል ከአንገት ላብ ጋር ይመጣል። አንዳንዱ ወርቅ ሠሪ ሲሸጥ አጥቦ ሳያደርቅ ይመዝናል፤ በሐብሉ ቀለበቶች መሀል የቀረው ውኃ የወርቅ ዋጋ ያወጣለታል። አባቱ ይህን ሌብነት ነው ይሉት ነበር፤ ከሌብነትም የከፋው፣ ሌባው ቆሞ አመሰግናለሁ የሚባልበት። ስለዚህ በዚያ ሱቅ ማንኛውም ነገር ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል፣ ይጠረጋል፣ በሙቀት ይደርቃል። ገብረዮሐንስ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ይህን ሕግ አንዲት ቀን አላፈረሰም።

እንግዲህ ፍላጯን በአልኮል አጠባት፤ በጨርቅ ጠረጋት፤ ማቅለጫው አጠገብ ያለችው የሞቀች ጡብ ላይ አስተኛት።

ማክሰኞ መዘናት፤ እርጥበቷ አላለቀም፤ መለሳት። ረቡዕ መዘናት፤ ቀንሳለች፤ መለሳት። ምሳ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ጽጌማርያም የእንጨት ስባሪ በወረንጦ ሲያገላብጥ አገኘችው።

«እንታይ ኮይንካ?» አለች፤ ስትደነግጥ ትግርኛዋ ይቀድማል። «ምን ሆነሃል? ምንድን ነው እሱ?»

«እያጠራሁት ነው።»

«እንጨቱን?»

«ቆሻሻ ነበረው» አላት። ሐሙስ ጠዋት ፍላጯ መቀነሷን አቆመች። ደርቃለች፤ ቀላለች፤ ስትመታ ትጮሃለች። ገብረዮሐንስ የጠራ ወርቅ ሲያይ የሚሰማው ነገር ተሰማው። ስድስት ግራም ከሃያ መዘነች። በመርፌ ጫፍ ወግቶ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሰመጣት፤ የገፋችው ውኃ ልክ አሥር ግራም ነው። ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ አባዛ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ሆነ።

ማታ ዕድሩ ፊት ቆሞ አነበበው። «ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ኪሎ፣ ከስምንት መቶ ግራም።»

ኪሎው ማንንም አልገረመም፤ ሥጋ ሻጩ እንዲያውም «ስድስት ሰንጋ አላልኩም?» ብሎ ክንዱን አጣጠፈ። ሰዉን ያሸነፈው ግራሙ ነው።

«ስምንት መቶ ግራሙም ይጻፍ?» አሉ አቶ እሸቴ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ይጻፍ።»

«ወፍ ብታርፍበትስ?» አለ የኤንትሬው ሾፌር።

«ወፏ በራሷ ክንፍ ትሄዳለች።»

ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ልጅ እጁን አወጣ። «ግራሙ እንኳን ባይጻፍ፣ ምክንያቱም ግምት—»

«ቁጭ በል» አሉት አጎቱ። ማኅተሙ አረፈ።

ከስብሰባው ሲወጡ ወይዘሮ አልጋነሽ ገብረዮሐንስን በክንዱ ያዙት። «አንተ ገብረዮሐንስ። ይበቃል?»

«ይበቃል እትዬ አልጋነሽ። ስምንት መቶ ኪሎ ትርፍ አለው።»

«እኔ ቶን የሚሉትን አላውቅም። አንተን ነው የማውቀው። ቤቴን የምለቀው በወረቀቱ አይደለም፤ ባንተ ቃል ነው።»

«በቃሌ ይልቀቁት።»

ዓርብ ቅርንጫፉ ተመልምሎ ግንዱ ብቻውን ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት ክሬኑ አዲሱ መንገድ ላይ እግሮቹን ዘርግቶ ቆመ። ወይዘሮ አልጋነሽ ብርድ ልብሳቸውን፣ ራዲዮናቸውንና የቅድስት ማርያም ሥዕላቸውን ይዘው ጎረቤት በር ላይ ተቀመጡ። ገብረዮሐንስ ኮቱን ለብሶ መጥቷል። የክብር ቦታ ተሰጠው፤ ከዛፉ ሥር ከአቶ እሸቴ አጠገብ፣ ሁሉንም ማየት ከሚቻልበት። ዑዘይር ወረቀቱን ካቢኑ መስተዋት ላይ ለጥፎ «ፋዘር፣ በግራም ተመዝኖ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ዛፍ ነው» አለው። ገብረዮሐንስ ራሱን ነቀነቀ። የብረት ገመዱ ግንዱ ላይ ታሰረ፤ ተክላይ መጋዙን አስነሥቶ ከሥር አፍ ይከፍትለት ጀመር።

ሰጋቱራው ተረጭቶ ገብረዮሐንስ መነጽር ላይ አረፈ።

መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ጠረገው። አልለቀቀም፤ እንደ ሊጥ ተለጠጠ። ኮቱን አራገፈ፤ ሰጋቱራው ኮቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አንድ እፍኝ ከመሬት አነሣ። ለምን እንዳነሣው ራሱም አላወቀም፤ እጁ የለመደውን ሠራ፤ ከፍ ዝቅ አደረገው። መዳፉ አንድ ቁጥር ነገረው። ጨበጠው፤ በጣቶቹ መሀል ውኃ ወረደ።

ገብረዮሐንስ ብዙ ጊዜ አላስፈለገውም። ማባዛት አንዱ ችሎታው ነው። ጡቡ ላይ ሦስት ቀን የተነነው ቆሻሻ አልነበረም። ዛፉ ነበር። ይህ የቆመው ግንድ አልታጠበም፣ አልተጠረገም፣ ማቅለጫ አጠገብ አልተኛም፤ ከነውኃው ነው የሚነሣው። ወረቀቱ ላይ ያለው የዛፉ ክብደት ሳይሆን፣ ዛፉ ሞቶ፣ ደርቆ፣ ሐቀኛ ሰው ሱቅ ቢገባ የሚመዝነው ነው።

«አቁም!» አለ። መጋዙ ይጮሃል፤ ማንም አልሰማውም። የአቶ እሸቴን እጅጌ ሳበ። «አስቁሟቸው። ዛፉ እርጥብ ነው።»

«ዛፍ ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ አቶ እሸቴ።

«ቁጥሩ ተሳስቷል።»

«የቱ ቁጥር?»

«የኔው።»

«ማኅተም ያረፈበት?» አቶ እሸቴ ገርሟቸው አዩት። «ግራሙ ነው?»

«ግራሙ አይደለም።»

«እና በስንት ነው የተሳሳትከው?»

እዚህ ላይ ገብረዮሐንስ ዙሪያውን አየ። ሥጋ ሻጩ አለ። የሚፋቱትን የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች አሉ። ባለፈው ጥር ልጃቸውን የዳሩ፣ ቀለበቱን ከእሱ የገዙ አሉ። አንደበቱ ቁጥሩን ይዞ ከጥርሱ ጀርባ ቆመ።

«ጥቂት ነው» አለ።

«ጥቂት ከሆነማ ስምንት መቶ ኪሎ ትርፍ አለ ብለኸን የለ! አይዞህ፣ ሰው ነህ፤ አትጨናነቅ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት። በክሬኑ በኩል ገመዱ ተወጠረ። ግንዱ ቁርጥማት እንዳለበት ሰው ቀስ ብሎ ተንቋቋ።

ገብረዮሐንስ ሮጠ። ሲሮጥ ያየው ሰው ከዚያ በፊት የለም፤ ወርቅ ሠሪ አይሮጥም። ወደ ክሬኑ ይሄዳል ብለው መንገድ የለቀቁለት ነበሩ፤ እሱ ግን የወይዘሮ አልጋነሽን በር ገፍቶ ገባና ባዶው አልጋቸው ላይ ተቀመጠ። እጁ አሁንም ሰጋቱራውን እንደጨበጠ ነው።

ውጭ ጩኸት ሆነ። «ሰው ገባ! ቤቱ ውስጥ ሰው አለ!» ዑዘይር እጁን ከክሬኑ ማንሻ ላይ አነሣ። ከሥር ሰው ካለ ጭነት አይነሣም፤ የሚያከብረው ሕግ ይህ ብቻ ነው። የመጋዙ ድምፅ ጠፋ።

መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። «ውጡ ሲባል እኔ ስወጣ፣ አንተ ትገባለህ? ደህና አይደለህም እንዴ?»

«እትዬ አልጋነሽ፣ ተሳስቻለሁ።»

«በስንት?»

እሳቸውም ይህንኑ ጠየቁ። ገብረዮሐንስ አልጋው ጠርዝ ላይ ያለውን የተላጠ ቀለም አየ።

«እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ቀና ብለው ጣራቸውን፣ ዝቅ ብለው እሱን አዩ።

«ወርቁም ላይ እንዲህ ነህ?»

«ወርቅ ውኃ አይጠጣም እትዬ።»

«እና ለምን ለእነዚያ አልነገርካቸውም?»

«ጥቂት ነው አልኳቸው።»

«ጥቂት!» አሉ። «የኔ ቤት ጥቂት ነው? ሃምሳ ዓመት ጥቂት ነው?»

«እንዲያ ብዬ አይደለም። አፌ እንቢ አለኝ።»

«ያንተ አፍ እንቢ ካለ የኔ ደኅና ነው» አሉና በሩ ላይ ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ይሰማል በሚባልለት ድምፃቸው ጮኹ፦ «በእጥፍ ነው የተሳሳተው! ሰምታችኋል? ገብረዮሐንስ በእጥፍ ነው የተሳሳተው! አቁሙ!»

ሰፈሩ ሰማ። ከሰፈሩ አልፎ መንገዱ ላይ የቆመው ታክሲ ረዳትም ሰማና «በምን? በእጥፍ በምን?» እያለ በመስኮት ወጣ። ገብረዮሐንስ ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አዳመጠ። ሲሄድ ያከብዱት እንደሆነ እንጂ የሚያቀለው አልነበረም።

ዑዘይር ወረቀቱን ከመስተዋቱ ላይ ላጠው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ለሁለት ትከፈላለች» አለ። ገብረዮሐንስ ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤት በር ላይ ተቀመጠ፤ ተክላይ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ዛፉ ላይ ወጣ። ሥራው እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። የላይኛው ቁራጭ በወይዘሮ አልጋነሽ ጣራ ላይ ሲያልፍ ከሰፈሩ የተነፈሰ የለም። ቀጥሎ የታችኛው፣ ወፍራሙ። ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ቅርፊት ብቻ ረገፈ።

ካቢኑ ውስጥ ክብደት የሚያሳይ ስክሪን አለ። ዑዘይር ማንም ሳይጠይቀው እየጮኸ አነበበ፤ «ሁለት ነጥብ ሠላሳ አንድ!» ቆይቶ «ሦስት ነጥብ ሠላሳ አራት!» ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ልጅ ስልኩ ላይ ደመረ፤ «አምስት ቶን ከስድስት መቶ ሃምሳ» አለ። በዚያ ቀን ቁጭ በል ያለው አልነበረም። የገብረዮሐንስ መዳፍም፣ ያንን እፍኝ ሰጋቱራ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ አምስት ቶን ከስድስት መቶ ብሎት ነበር። አልተናገረም። የጠየቀውም የለም።

ተክላይ ወርዶ ገብረዮሐንስ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከክንዱ ላይ ቅርፊት ያራግፋል።

«ይከብዳል ብዬህ ነበር።»

«በጣም ነበር ያልከኝ።»

«በጣም ነዋ!» አለ ተክላይ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ገቡ፤ ሥዕሏን ቦታዋ ሰቀሉ፤ ራዲዮኑን ከፈቱ። ለማንም አመሰግናለሁ አላሉም። ገብረዮሐንስን ሲያልፉት ግን ቆም ብለው «እንኳን ሮጥክ» አሉት።

እስከ ማታ ስሕተቱ አሥር ቶን ደረሰ። ሰኞ ፒያሳ ላይ፣ ገብረዮሐንስ የሚባል ወርቅ ሠሪ በአሮጊት ቤት ላይ ዛፍ ሊጥል ሲል አሮጊቷ እንደያዙት ይወራ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ሁለት የሚጋቡ ልጆች ሱቁ ገቡ። ልጅቷ ዳናይት ትባላለች፤ ስሟን ቀለበቱ ውስጥ እንዲጽፍላት ነግራዋለች። ልጁ ደግሞ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አያነሣም። ገብረዮሐንስ ቀለበቱን መዳፉ ላይ አደረገ፤ ቁጥሩን አወቀው፤ አልተናገረም። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው።

«አምስት ከሃያ ሁለት።»

ልጁ ልጅቷን አየ። ልጅቷ መሬት አየች።

«ጋሼ፣ ቅር ካላሎት» አለ ልጁ፣ «እታች ያሉት ጋ አንዴ አስመዝነነው እንመጣለን።»

ሽማግሌዎቹ ከዚያ ሱቅ ሰው ወደዚህ ይልኩ ነበር እንጂ ከዚህ ወደዚያ የሄደ አልነበረም። ገብረዮሐንስ ቀለበቱን ጠርጎ ትንሿ ሣጥን ውስጥ ከተተውና ሰጣቸው።

«ሂዱ» አለ። «አስመዝኑ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። አምስት ከሃያ ሁለት ነው። ልጁ ፊቱ በርቷል፤ ልጅቷ አፍራለች፤ ገዙ። ከእነሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ ናቸው፤ ይወጣሉ፣ ያስመዝናሉ፣ ይመለሳሉ። እስከ ዛሬ ሳይመለስ የቀረ የለም። ጽጌማርያም ታዲያ ምን አጣህ ትለዋለች፤ ገበያው ያው ነው። ገብረዮሐንስ ግን ገዢዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ባለው ግማሽ ሰዓት ሥራ አይሠራም፤ ሌላ ዕቃ አያነሣም። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ያዳምጣል።